ባዕድ ዘመድ የሚሆንበት መንገድ፤ በመኖርና በጋብቻ ስለሚገኝ ኢትዮጵያዊ ዜግነት

ከሌላ አገር የመጣ ሰው በአንድ ሰፈር ዐሥርና ሃያ ዓመት ተቀምጦ፥ ሠርቶ በልቶ፥ አግብቶ ወልዶ፥ ጎረቤት ሲያዝን አብሮ አልቅሶ፥ ጎረቤት ሲደሰት አብሮ ጨፍሮ ከኖረ በኋላ፥ «ይህ ሰው የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁለት መልስ ይገኛል። ጎረቤቱ «የኛ ነው» ይላል፤ መዝገቡ ግን «የውጭ አገር ሰው ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ ዳሩ ግን የሚመዝኑበት ሚዛን አንድ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባዕድ ወደ ኢትዮጵያዊነት የሚገባባቸውን በሮች፥ ማለት ልማድ የከፈተውንና ሕግ የከፈተውን፥ ጎን ለጎን አቁሞ ማስረዳት፥ ከዚያም ሁለቱ በምን እንደሚገናኙና በምን እንደሚለያዩ ማመልከት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ዜግነት የሌለው ነዋሪ አይመርጥም፥ አይመረጥም፤ በአገር የሚቀመጠውም በመብት ሳይሆን በፈቃድ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ390ኛው አንቀጽ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ደንግጎ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ነገሩ ወደ ልጆች ይተላለፋል። የኢትዮጵያ ሕግ ዜግነትን በትውልድ የሚሰጠው በደም ነው እንጂ በተወለዱበት መሬት አይደለም። ስለዚህ አባቱም እናቱም የውጭ አገር ዜጎች የሆኑ ልጅ በዐዲስ አበባ ቢወለድ፥ በዐዲስ አበባ ቢያድግ፥ ከአማርኛም በቀር ሌላ ቋንቋ ባያውቅ፥ በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም።

፩ኛ፤ ስለ ቃሉ

አስቀድሞ ቃሉን መመርመር ይገባል። ዛሬ «ዜጋ» ስንል ለአገሩ ግዴታ ያለበትን፥ ከአገሩም መብት የሚጠይቀውን ሰው ማለታችን ነው። ጥንት ግን የቃሉ ትርጉም እንዲህ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎጃም የመሬት መዛግብት እንደሚያስረዱት፥ ዜጋ ይባል የነበረው የራሱ ርስት የሌለው፥ በጌታ መሬት ላይ ተቀምጦ ለጌታው የሚሠራ ጥገኛ ሰው ነበር። የርስት ባለቤት የሆነው ባላገር ዜጋ ተብሎ ቢጠራ እንደ ስድብ ይቈጥረው ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቃሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ለጌታ ማደር ለመንግሥት ማደር ሆነ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የሕግ ቃል ሆኖ የሁሉ የጋራ ስም ተባለ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በቀድሞው ኅብረተ ሰብ ዘንድ ሰውን የአገር ሰው የሚያሰኘው ዜግነት ሳይሆን ርስት፥ ማለት ከአቅኚ አባት ጋር በትውልድ መያያዝ ነበር። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ባዕድ የአገር ሰው እንዲሆን የሚያስፈልገው ወረቀት ሳይሆን ዘመድ ነው።

፪ኛ፤ ልማድ የከፈታቸው በሮች

ልማድ ለባዕድ ሦስት በር ከፍቶለት ነበር፤ እነርሱም ልጅነት፥ ጋብቻና ጉርብትና ናቸው።

የልጅነት በር ሰፊ ነበር። በአማራው ዘንድ የጡት ልጅ ወይም የማር ልጅ የሚባለው ልማድ አለ። ከሌላ ቤት የተወለደው ሰው ጡት የመጥባትን ምልክት በመፈጸም፥ አንዳንድ ጊዜም በማር የተቀባ ጣት በመጥባት፥ ለአሳዳጊው ልጅ ይሆናል። ይህ ለሕፃን ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ዐዋቂ ሰውም ከኃይለኛ ሰው ጋር ለመዛመድ ይፈጽመው ነበር። በኦሮሞው ዘንድ ደግሞ ሁለት ሥርዐት ይገኛል። ጉዲፈቻ ልጅን በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ የሚያስገባ ነው፤ ሞጋሳ ግን ሰውን፥ ብዙ ጊዜም መላውን ወገን፥ በጎሳ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ሞጋሳውን የሚፈጽመው አባ ገዳው በጎሳው ስም ነው። ከብት ይታረዳል፤ ገቢውም ጎሳው የሚወደውን ሊወድ፥ የሚጠላውንም ሊጠላ በአደባባይ ይምላል። ከዚያ በኋላ የጎሳው ስም ስሙ፥ የጎሳው ዕዳ ዕዳው፥ የጎሳው ከለላ ከለላው ይሆናል። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በተደረገው ታላቅ የሕዝብ መስፋፋት ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው በዚህ በር ገብቷል።

የጋብቻ በር ግን ጠበብ ያለ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ የርስት ሥርዐት መሠረት ልጅ በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ይጠይቃል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ሰው የባላገር ልጅ ቢያገባ የሚስቱን ድርሻ ያርሳል እንጂ እርሱ ራሱ ባለ ርስት አይሆንም። ልጆቹ ግን በእናታቸው በኩል ያለ አንዳች ጕድለት ባለ ርስቶች ናቸው። ባዕድነት በአንድ ትውልድ ያልቃል ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው ይሁን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው በር ጉርብትና ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት የሚናገረው ስለዚሁ ነው። በከተማ ውስጥ ይህ በር በእድር፥ በእቁብና በማኅበር ይታያል። እድር የሚጠይቀው መዋጮ መክፈልን፥ በለቅሶ ቤት መገኘትን፥ ተራ ሲደርስ መታዘዝን ነው። ይህን የሚፈጽም ሰው ሲሞት የሚቀብረው አለው፤ የሚቀብረው ያለው ሰው ደግሞ በአገሬው ዓይን ባይተዋር አይደለም።

በሦስቱም በሮች አንድ የጋራ ባሕርይ ይታያል። ገቢው ብቻውን አይገባም፤ ከውስጥ ያለ ሰው፥ አባት ወይም ሚስት ወይም ሰፈር፥ እጁን ይዞ ያስገባዋል። የመግባቱም ማስረጃ ያዩ የሰሙ ሰዎች ናቸው።

፫ኛ፤ የ1922 ዓ. ም. ሕግ

የዘመናዊው ዜግነት ሕግ መነሻ ከውጭ መንግሥታት ጋር የተደረገው ግንኙነት ነው። በ1900 ዓ. ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተደረገው፥ በመልእክተኛው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፥ የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በቆንስላቸው ፊት እንዲዳኙ ፈቀደ፤ ሌሎችም መንግሥታት በዚሁ ተጠቀሙ። ከዚያ ጀምሮ አንድ ሰው የማን ዜጋ ነው የሚለው ጥያቄ ማን ይዳኘዋል የሚለውን የሚወስን ሆነ። ነጋዴው ሲመቸው የአገር ሰው፥ ሲከሰስ የቆንስላ ሰው እንዳይሆን ድንበሩ በሕግ መሠመር ነበረበት።

ይህም ሕግ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ. ም. ወጣ። በመጀመሪያው አንቀጽ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፥ በአገር ውስጥም በውጭም ቢወለድ፥ ኢትዮጵያዊ ነው አለ። በዚያን ዘመን የብዙ አገር ሕጎች ዜግነትን በአባት በኩል ብቻ ያስተላልፉ ስለ ነበር፥ እናትን ከአባት ጋር ማቆሙ የሚደነቅ ነው። ርስት በሁለቱም ወገን የሚወረስበት አገር ዜግነትንም በሁለቱም ወገን ቢያስወርስ ከጠባዩ ጋር የሚስማማ ይመስለናል።

የውጭ አገር ሰው ዜግነት ለመጠየቅ በ12ኛው አንቀጽ አምስት ነገር ይፈለግበት ነበር። አንደኛ፥ በአገሩ ሕግ አካለ መጠን ያደረሰ፤ ሁለተኛ፥ በኢትዮጵያ ቢያንስ አምስት ዓመት የተቀመጠ፤ ሦስተኛ፥ ራሱንና ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር፤ አራተኛ፥ አማርኛን አጣርቶ የሚናገርና የሚጽፍ፤ አምስተኛ፥ ክብርን በሚያጐድፍ ወንጀል ያልተፈረደበት መሆን አለበት። በ1926 ዓ. ም. መጀመሪያ የወጣው ማሻሻያ ግን፥ ለአገር የሚጠቅም ወይም ልዩ ምክንያት ያለው ሰው ሲሆን መንግሥት አምስቱን ዓመትና የአማርኛውን ዕውቀት ሳይጠብቅ ዜግነት እንዲሰጥ ፈቀደ።

በጋብቻ ነገር ሕጉ ለወንድና ለሴት እኩል አልነበረም። ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ አገር ሴት በሕግ ቢያገባ ሚስቲቱ በጋብቻው ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ወንድ ብታገባ ግን ባሏ ከጋብቻው ዜግነት አያገኝም፤ እርስዋ ደግሞ የባሏ አገር ሕግ የባሏን ዜግነት የሚሰጣት ከሆነ የራስዋን ታጣለች። ይህ ሴት ባሏን ትከተላለች የሚለው አሳብ በዘመኑ የአውሮፓ ሕጎች የተለመደ ነበር። ከአገሩ የርስት ልማድ ጋር ግን አይገጥምም፤ በርስት ሕግ ዘንድ ሴት ልጅ ወደ የትም ብታገባ የአባትዋ ልጅነት አይጠፋምና።

ይህ ሕግ የዘውድ መንግሥት ካለፈ በኋላም፥ በደርግ ዘመንም ጸንቶ፥ በጠቅላላው 73 ዓመት ሠርቷል።

፬ኛ፤ የአርመኖች ምሳሌ

ሕግና ልማድ አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚመስል ለማየት የኢትዮጵያ አርመኖች ታሪክ ይጠቅማል። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አርመኖች ወርቅ አንጥረኞች፥ ነጋዴዎች፥ ግንበኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው በአገራችን ተቀምጠዋል። በ1916 ዓ. ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው በኦቶማን ግዛት በተፈጸመው እልቂት ያለቁባቸውን 40 የአርመን ወጣቶች ተቀብለው የነሐስ ሙዚቃ ተጫዋቾች እንዲሆኑ ወደ ዐዲስ አበባ አመጧቸው። እነዚህም «አርባ ልጆች» ተባሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ስሙን እንመልከተው። አርባ «ስደተኞች» ወይም አርባ «ሙዚቀኞች» አልተባሉም፤ «ልጆች» ተባሉ። በልማድ በኩል የገቡት በልጅነት በር ነው ማለት ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት አንድ መሆናቸውም ከሌላው የአውሮፓ ሰው ይልቅ ቅርብ አድርጓቸዋል። በሕግ በኩል ደግሞ ተመልሰው የሚገቡበት አገር ስላልነበራቸው፥ ከነርሱ መካከል ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያገኙ ነበሩ። የ1926ቱ ማሻሻያ ለአገር የሚጠቅም ሰው ያለው እንዲህ ያለውን ሰው የሚያጠቃልል ነው። ልማድ «ልጅ» ብሎ የተቀበለውን ሕግ «ዜጋ» ብሎ ሲመዘግበው ሁለቱ መልሶች አንድ ይሆናሉ።

፭ኛ፤ የ1996 ዓ. ም. ዐዋጅ

በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የዜግነትን ነገር በ6ኛውና በ33ኛው አንቀጽ አስቀመጠ። ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚያደርጉት ጋብቻ ዜግነታቸውን እንደማያስቀር ደንግጎ፥ የ1922ቱ ሕግ በሴቶች ላይ የጣለውን ጭነት አነሣ። ዝርዝሩ በታኅሣሥ 1996 ዓ. ም. በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 378 ተደነገገ።

በመኖር ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በዚህ ዐዋጅ በ5ኛው አንቀጽ መሠረት፥ አካለ መጠን ያደረሰና በሕግ ችሎታ ያለው ሊሆን ይገባዋል። ዋና መኖሪያውን በኢትዮጵያ አድርጎ ከማመልከቱ በፊት በጠቅላላው ቢያንስ አራት ዓመት የኖረ፥ ከአገሪቱ ብሔረ ሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት የሚችል፥ ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚበቃ ሕጋዊ ገቢ ያለው፥ መልካም ጠባይ ያለውና በወንጀል ያልተቀጣ ይሁን ይላል። ከቀድሞ ዜግነቱ መለቀቁን ወይም የኢትዮጵያን ሲያገኝ ሊለቀቅ እንደሚችል፥ ያለዚያም አገር አልባ መሆኑን ማስረዳት አለበት። በመጨረሻም የታማኝነት ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

በጋብቻ ለሚጠይቅ ሰው ጊዜው ያጥራል። ጋብቻው በኢትዮጵያ ሕግ ወይም በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና፥ ከተፈጸመም ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለፈው ሊሆን፥ አመልካቹም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ሊኖር ይገባል። ለወንድም ለሴትም ሕጉ አንድ ነው። ለማደጎ ልጅ ሌላ በር አለ፤ አካለ መጠን ሳያደርስ በኢትዮጵያ ከአሳዳጊው ጋር የሚኖር ሊሆን ግን ይገባዋል። ለአገር ከፍ ያለ አስተዋፅኦ ላደረገ የውጭ አገር ሰውም እንደ ቀድሞው የመኖሪያው ጊዜና የቋንቋው ነገር ይቀርለታል። ማመልከቻው ዛሬ የሚቀርበው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው።

ሁለቱን ሕጎች ስናስተያይ ሦስት ለውጥ ጎልቶ ይታያል። አንደኛው የቋንቋ ነው፤ በ1922 ዓ. ም. አማርኛን አጣርቶ መጻፍ ይፈለግ ነበር፥ በ1996 ዓ. ም. ግን በሲዳምኛም በአፋርኛም በሌላም የአገር ቋንቋ መግባባት ይበቃል። ሕጉ አገሬውን በምን ዓይነት እንደሚያይ ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ አንቀጽ የለም። ሁለተኛው የጋብቻ ነው፤ ያለ ምንም ቆይታ በጋብቻ ብቻ ለሚስት ይገኝ የነበረው ዜግነት ለሁለቱም ጾታዎች ቆይታን የሚጠይቅ ሆነ። ሦስተኛው የቀድሞውን ዜግነት የመተው ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነትን ደርቦ መያዝ አትፈቅድምና። ይህ የመጨረሻው የሞጋሳን መሐላ ያስታውሰናል፤ ገቢው የቀድሞ ወገኑን ትቶ የዐዲሱን ወዳጅና ጠላት ወዳጁና ጠላቱ ያደርግ ነበርና። ልዩነቱ በሞጋሳ ጊዜ ጎሳው እዚያው በዕለቱ መቀበሉ፥ በሕጉ ግን አመልካቹ አስቀድሞ የሚተወውን ማሳየት፥ ቀጥሎ መልሱን መጠበቅ ያለበት መሆኑ ነው።

፮ኛ፤ የሻሸመኔ ምሳሌ

ሕግና ልማድ ሲለያዩ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከሻሸመኔ እንማራለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ የጥቁር ሕዝብ ወገኖች በሻሸመኔ አጠገብ መሬት ሰጡ፤ ስጦታው በ1948 እ. ኤ. አ. እንደ ተሰጠ ይጠቀሳል። ከካሪብ ደሴቶች፥ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የመጡ ሰዎች፥ ከነርሱም የሚበልጡት የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች፥ ወደዚያ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1958 ዓ. ም. ጃማይካን ከጐበኙ በኋላ የመምጣቱ ፍላጎት በረታ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲሆን ግን ይህም መሬት በዚያው ዐዋጅ ተጠቀለለ።

እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን አገራችን ብለው የመጡ፥ ከአገሬው ጋር የተጋቡ፥ በዚያው ልጅ የወለዱ፥ ሙታናቸውንም በዚያው የቀበሩ ናቸው። የልማድን ሦስት በር አልፈዋል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሕግ በኩል ግን ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ ሳይኖራቸው ቆይተዋል። የመግቢያ ፈቃዱ ቀኑ ያለፈበት፥ ፓስፖርቱም ያረጀበት ሰው ሠላሳ ዓመት ቢቀመጥ፥ መቀመጡን ጎረቤት ሁሉ ቢያውቅ፥ በመዝገብ ፊት ግን ያ ዘመን ለክስ እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። እነሆ የነገሩ ክፉ ዕጣ እዚህ ላይ ነው፤ ረጅም መኖር ራሱ ያለ ፈቃድ የመኖር በደል ሆኖ ሊቈጠር ይችላል።

በሐምሌ 2009 ዓ. ም. መንግሥት ለነዚህ የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይህ መታወቂያ ያለ መግቢያ ፈቃድ በአገር ለመኖር ያስችላል፥ ድምፅ ለመስጠት ግን አያበቃም። ቀድሞ በዐዋጅ ቍጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የተሰጠው መብት የዚህ ዓይነት ነው። በእንግድነትና በዜግነት መካከል ሦስተኛ ደረጃ ተፈጠረ ማለት ነው። ከጭንቀት ያወጣል፤ ነገር ግን ልማድ «የኛ ነው» ላለው ሰው ሙሉ መልስ አይደለም።

፯ኛ፤ ሕግ ጎረቤትን የሚሰማበትና የማይሰማበት

በመጨረሻ አንድ ነጥብ እናንሣ። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በሦስት ዓይነት የተፈጸመን ጋብቻ፥ ማለት በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖትና በልማድ የተፈጸመውን፥ ሁሉ ያጸናል። የጋብቻው የምስክር ወረቀት በሌለም ጊዜ ሕጉ ወደ ኅብረተ ሰቡ ዘወር ይላል፤ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ፥ ቤተ ዘመድና ጎረቤትም እንዲያ አድርጎ ካወቃቸው፥ ይህ በምስክር ተረጋግጦ ጋብቻው ይታመናል። እንግዲህ በገጠር በሽማግሌ ፊት የተጋቡ ባልና ሚስት፥ አንዱ የውጭ አገር ሰው ቢሆንም፥ ለጋብቻቸው የሰፈሩ ቃል ይረዳቸዋል፤ ከጋብቻውም ተነሥቶ ወደ ዜግነቱ የሚወስደው መንገድ ይከፈትላቸዋል።

በመኖር ለሚጠይቅ ሰው ግን እንዲህ ያለ መንገድ አልተበጀም። የእድሩ መዝገብ፥ የጎረቤቱ ምስክርነት፥ በለቅሶ ቤት የተቀመጠበት ዘመን ሁሉ በ5ኛው አንቀጽ ሚዛን ላይ ስም የላቸውም። ሕጉ ለባልና ሚስት ጎረቤትን ይጠይቃል፤ ለብቻው ለኖረው ሰው ግን ወረቀትን ብቻ ይጠይቃል። ይህ ልዩነት በጋብቻ የገባውን ከፍ፥ በጉርብትና የገባውን ዝቅ ያደርጋል፤ በልማድ ዘንድ ግን የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻል ነበር።

መንግሥት መዝገብ እንዳይጠይቅ ማለታችን አይደለም። ልማድ የሚያውቀው የሚያያትን ትንሽ ሰፈር ነው፤ መንግሥት ግን ለማያያቸው ሚሊዮኖች የሚሆን አንድ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ በሰው ቃል ብቻ የሚከፈት በርም ለሐሰተኛ ምስክር ይከፈታል። ሆኖም ሕጉ በጋብቻ ነገር የሰፈርን ምስክርነት ሰምቶ መዝኖ መቀበልን ከለመደ፥ በመኖር ነገርም ያንኑ ቢያደርግ ከራሱ ልማድ አይወጣም። ያን ጊዜ ከሁለት የውጭ አገር ዜጎች ተወልዶ እዚሁ ያደገው ልጅ፥ አካለ መጠን አድርሶ ለማመልከት በቀረበ ጊዜ፥ ፊደል ያስቈጠሩት መምህርና አባቱን የቀበሩ ጎረቤቶች ስለ እርሱ የሚናገሩበት ስፍራ ይኖራቸዋል። የዚህ ልጅ ጉዳይ ከሕጉ ሁሉ መፈተኛ ነው፤ ሌላ አገር የማያውቀውን ሰው የሌላ አገር ሰው ብሎ መጥራት በጎረቤት ቋንቋ ትርጉም የሌለው ነገር ነውና።